ኩልል ያለው ውሃ

አንዲት ሴት ነበረች። ግቢዋ ውስጥ ሟች ባለቤቷ በገዛ እጁ የቆፈረው ጉድጓድ አለ። ውሃው ኩልል ያለ፣ ሲጠጡትም የሚጣፍጥ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ከዚያ ይቀዳል፤ እሷም "ነፍሱን ይማር በሉልኝ" ከማለት በቀር ምንም አትጠይቅም።

ከግቢዋ ጀርባ የተተወ መጋዘን አለ። ጊዜው ያለፈበት የፀረ ተባይ መድኃኒት በበርሜል እንደተከማቸ ቀርቷል። በርሜሉ ዝጓል፤ ጣሪያው ያፈሳል።

አንድ ቀን ዘውድነሽ የምትባል የጤና ባለሙያ መጣች። ትጠይቅ ጀመር። "ጉድጓዱ ከመጋዘኑ ስንት እርምጃ ይርቃል? ስንት ቤተሰብ ይጠጣዋል? ለስንት ዓመት? ነፍሰ ጡር አለች? ሕፃን አለ?"

ሴትዮዋ ተቆጣች። "የባሌን ስም ልታጠፊ ነው የመጣሽው?"

"አይደለም እማማ። ማን እንደቆፈረው አይደለም የምጠይቀው፤ ውሃው በየት አልፎ እንደሚመጣ ነው።"

ሴትዮዋ እያጉረመረመች ለምርመራ የሚሆን ውሃ ቀድታ ሰጠቻት።

በሦስተኛው ሳምንት ባለሙያዋ ተመለሰች። "እማማ፣ መርዙ ሰርጎ ገብቷል። ዛሬ የጠጣ ዛሬ አይወድቅም። ዓመት ከዓመት ሲጠጡት ግን ይጎዳል፤ በሕፃናት ደግሞ ይብሳል።"

ሴትዮዋ አለቀሰች። ጎረቤቷ ጋሽ ደምለው ሊያጽናኗት ብለው ምን አሉ? "አንቺ ካልተናገርሽ ማን ያውቃል? ተዪው!"

"እኔ አውቃለሁ" አለቻቸው።

በዚያው ቀን ቤት ለቤት ዞረች። "ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ፤ አትጠጡ የምላችሁም እኔው ነኝ።" ጉድጓዱን ከደነች። ሰፈሩን አስከትላ ቢሮ ለቢሮ ተመላለሰች። ስምንት ወር ፈጀባት። ልጆቹ ተመረመሩ፣ በርሜሎቹ ተነሡ፣ ለሰፈሩም ቦኖ ገባ።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ክፉ ነበረች? አልነበረችም! በፍቅር ነው ያጠጣችው። ፍቅሯ ግን መርዙን አላጣራውም።

እናንተስ? ከአባት የወረሳችሁት፣ ለልጆቻችሁ በቅንነት የምታጠጡት ቂም የለም? ሲያወሩት ይጣፍጣል። አስመርምራችሁታል? በየት አልፎ እንደመጣ ጠይቃችኋል? መርማሪ ሲመጣ ትቆጡ ይሆናል። ተቆጡ! እሷም ተቆጥታለች። ግን አትከልክሉ።

እግዚአብሔር ጉድፋችንን የሚያሳየን ሊያሳፍረን አይደለም፤ ቤታችንን ሊያተርፍ ነው። እንግዲህ እውነቱን ባወቃችሁበት ቀን እግራችሁ ይከብዳል። ይክበድ! ሂዱና የመጀመሪያውን በር ራሳችሁ አንኳኩ።