በጥቁር ቲሸርት ላይ የተሳለች ልጅ

አንዲት ወጣት ሴት በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ቆማ ቲሸርት ታጥፋለች። ጥቁር ቲሸርት ነው። ደረቱ ላይ በነጭ መስመር የአንዲት ልጅ ፊት ተስሏል። ታጥፋለች፣ ትደረድራለች፣ እንደገና ታጥፋለች። እያጠፈችም ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ለምን አትልም? የራሷን ሥራ ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደጇን አንኳኩቶ አያውቅም።

ወገኖቼ፣ ይህች ሴት ምንታምር ትባላለች። የምትኖረው ሆሳዕና ነው። እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ ከእርሳስ ተለይቶ አያውቅም። ትምህርቷን ስትጨርስ መናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። የቤቱ ባለቤት ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው። ቲሸርት ላይ ማተምን ከሀ እስከ ፐ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ቀለም የሚያልፍበት ስስ ጨርቅ እንዴት እንደሚወጠር፣ ቀለሙ በላዩ እንዴት እንደሚሳብ፣ የታተመው በማሽን ሙቀት እንዴት እንደሚደርቅ አሳዩዋት። አልሰሰቱም።

ግን አንድ ነገር ነበር። ምንታምር ትስላለች፤ ቲሸርቱ ሲወጣ ከሥሩ የሚጻፈው «ኤርጫፎ ማተሚያ» ነው። ከተማው ሥዕሉን ወደደው። ማን እንደሳለው የሚጠይቅ ግን አልነበረም። ይህ ነገር ቀስ እያለ ውስጧን ይበላት ጀመር።

አንድ ቀን አንድ ደንበኛ መጣና ቲሸርቱን ዘርግቶ አየው። «ጋሽ ኤርጫፎ፣ እጅዎ ይባረክ!» አላቸው። እሳቸውም «አሜን» አሉ።

አሜን! ይቺን አንዲት ቃል ነው ያሉት። ምንታምር በእጇ የያዘችውን የቀለም መሳቢያ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «የማንን እጅ ነው የሚያስመርቁት?» አለች፣ ደንበኛው ፊት፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ። «እኔ ባልኖር ኖሮ እኮ እርስዎን ማን ያውቅዎት ነበር!»

ጋሽ ኤርጫፎ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ውጪ» አሏት። «ሁለተኛ በዚህ በር እንዳላይሽ።»

«ሰማይና ምድር ቢገለበጥ አያዩኝም!»

ወጣች። በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው፤ እንዴት እንደዘጋችው እናንተም ታውቁታላችሁ። ከእኛ መሃል እንዲህ በር ዘግቶ የማያውቅ ማነው?

ከዚያ በኋላ የራሷን ጀመረች። ክፍል ተከራየች። የሥራዋን ስም «ታምር» አለችው፤ ከስሟ ግማሹን ወስዳ። ማድረቂያ ማሽን የላትም፤ በካውያ ትተኩሳለች። ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ሌላ ሰው የሠራውን ቲሸርት ሲሰቅል እያየች ጥርሷን ትነክሳለች። ግን ከሥሩ «ታምር» የሚል ቲሸርት የለበሰ ሰው መንገድ ላይ ስታይ ቀኑን ሙሉ ትጠግባለች። የራስ ነገር እንዲህ ያጠግባል። እግዚአብሔር በሰጠን እጅ የራሳችንን ሥራ መሥራታችን ጥሩ ነው፤ ማንም ጥሩ አይደለም እንዳይላችሁ።

እንግዲህ ያ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ያመጡት የኮሌጅ ተመራቂዎች ናቸው። ምሥራቅ የምትባል የክፍል ጓደኛቸው ለምርቃት ጥቂት ጊዜ ሲቀራት በመኪና አደጋ ሞተችባቸው። ኮሌጁ የምስክር ወረቀቷን ለአባቷ ሊሰጥ ወሰነ። ልጆቹም በዚያ ቀን ሁላቸውም ፊቷን ደረታቸው ላይ ይዘው ከአባቷ ጋር ሊሰለፉ ተስማሙ። ለአባቷም አንድ ቲሸርት ታዘዘላቸው። የልጆቹ ተወካይ አብነት የሚባል ልጅ ነው። የምሥራቅን ፎቶ ለምንታምር የሰጣት እሱ ነው።

ምንታምር ያን ፎቶ አይታ ስትስል አለቀሰች። ፊቱም አማረ። ልጅቷ ልትስቅ ስትል የተያዘች ትመስላለች።

ቀለሙን ግን ከማታውቀው ነጋዴ ገዛች። «ለጨርቅ ይሆናል?» ብላ ጠየቀችው። «ይሆናል» አላት። ጋሽ ኤርጫፎ አዲስ ቀለም ሲመጣ ሳያጥቡ ሳይሞክሩ አንድም ቲሸርት አትመው አያውቁም፤ ይህን አስተምረዋታል። እሷ ግን ቸኮለች። ቀድማ አድርሳ ጎበዝ መባልን ፈለገች። ሳትሞክረው ሁሉንም አተመችው።

አሁን በጠዋት እያጠፈች ያለችው ይህንን ነው። ምርቃቱ ነገ ነው።

አንዱ ቲሸርት አንገቱ ተጨማደደባት። ልትተኩሰው ውሃ በእጇ ረጨት አደረገች። አንድ ጠብታ ፊቱ ላይ አረፈ።

የልጅቷ ዐይን ቀለጠ።

ነጩ መስመር ጉንጯ ላይ ወረደ፣ ወደ አፏ ወረደ፣ ወደ አገጯ ወረደ። ምንታምር በአውራ ጣቷ ጠረግ ብታደርገው ግማሽ ፊቷ ጠፋ። ሌላ አነሳች፤ ጣቷን አርጥባ ነካችው። ያም ለቀቀ። ሌላ አነሳች። ለቀቀ። ክምሩ መሃል ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ውጭው ደግሞ የክረምት ሰማይ ነው። ጠቁሯል።

አሁን አስቡት። ቲሸርቱ በደረቁ ሲያዩት እንከን የለውም። ዝም ብላ ብታስረክብስ? ነገ ካልዘነበ ማን ያውቃል? ከዘነበስ? አባትየው ልጃቸው ደረታቸው ላይ ስትፈርስ ሊያዩ ነው። በሰው ሁሉ ፊት ልጃቸውን ዳግመኛ ሊቀብሯት ነው።

ይህን እያሰበች ስልኳ ጮኸ። አብነት ነበር።

«እህቴ፣ ደረሰልን? የምሥራቅ አባት ከገጠር መጥተዋል። ቲሸርቱን ለማየት ቸኩለዋል።»

«ደርሷል» አለች። «አይዞህ፣ ደርሷል።»

ስልኩን ዘጋች። ዋሸች። ለምን እንደዋሸች እሷም አላወቀችም፤ አፏ ነው የዋሸው። ማድረቂያ ማሽንና ደህና ቀለም ያለው በከተማው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ግን ታውቃለች። ያ ሰው ማን እንደሆነ እናንተም አውቃችኋል።

ቲሸርቶቹን ጆንያ ውስጥ ከተተች፤ ተሸከመች፤ ወጣች። ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ አለፈችው። እግሯ እምቢ አላት። ጥግ ድረስ ሄዳ ተመለሰች፤ አሁንም አለፈችው። ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ይሰማታል፤ የሠራተኞቹ ሳቅ ይሰማታል። በእሷ የሚስቁ መሰላት። «ሰማይና ምድር ቢገለበጥ» ያለችው ድምፅ የራሷ ነው፤ ጆሮዋ ላይ ይጮህባታል። መመለስ ትችላለች። ማንም አላያትም። እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው በአንድ በር መግባት ተራራ ከመግፋት የባሰ ይከብደዋል።

ካፊያ ጀመረ። ጆንያው እንዳይረጥብባት ደረቷ ላይ አቀፈችው። ያን ጊዜ ገባች።

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ኤርጫፎ ቀና አሉ። አዩዋት። ቁጭ በይ እንኳ አላሏትም።

«ጋሼ...» አለች። ይኸኔ መብራት ጠፋብኝ ማለት ትችል ነበር። ማሽን ተበላሸብኝ ማለት ትችል ነበር። «ጋሼ፣ ቀለሙን ሳልሞክር አተምኩት። ይለቃል። ነገ ነው የሚለበሰው።»

አንዱን ቲሸርት አወጣችና ዘረጋችላቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ፊቱን አዩት።

«ማናት ይህች ልጅ?»

ነገረቻቸው። ስለ አባትየው ነገረቻቸው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው ይሰማሉ። ጋሽ ኤርጫፎ ቲሸርቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ለልጆቹ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም። ደርሷል ነው ያልኳቸው።»

«ደውዪ።»

«ጋሼ፣ መጀመሪያ እንሥራውና...»

«ላይደርስ ይችላል። ሳይደርስ ቢቀር የሚለብሱትን ዛሬ ይፈልጉ እንጂ። ደውዪ፤ እዚሁ፣ እኔ ፊት።»

ደወለች። ለአብነት እውነቱን ነገረችው። ልጁ ጮኸባት። «አባቷን ምን ልበላቸው?» አለ። «አንቺን አምነን!» ሰማችው። እስኪጨርስ ሰማችውና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ለማድረስ እየሞከርኩ ነው» ብቻ አለችው።

ስልኩን ስታወርድ ጋሽ ኤርጫፎ እጅጌያቸውን ሰብስበው ነበር። ሠራተኞቹን ጠሩ። «የያዝነው ሥራ ይቆይ» አሉ። «በውሃ የለቀቀ ሁሉ በሳሙና ይወጣል። እናጥበው፣ በማሽኑ እናድርቀው፣ እንደገና እናትመው። ፊቱን የምታትሚው አንቺ ነሽ፤ የሌላ ሰው እጅ አይንካው።»

ያን ቀን ምሳ የበላ የለም። የልጅቷን ፊት ከቲሸርቶቹ ላይ ሲያጥቡት ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ እንደ ወተት ነጣ። ምንታምር ጎንበስ እንዳለች «ጋሼ፣ ያን ጊዜ የተናገርኩት...» ብላ ጀመረች።

«አሁን እጅሽን አንቀሳቅሺ» አሏት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ሳያዩዋት፣ «አሜን ማለት አልነበረብኝም» አሉ።

መጀመሪያ የታተመው ከማድረቂያው ሲወጣ አንዱ ሠራተኛ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ከሥሩ የማንን ስም እናድርግ?»

ምንታምር አንገቷን ደፋች። «የእርስዎን ያድርጉ» አለች። ከልቧ ነበር።

ጋሽ ኤርጫፎ ቲሸርቱን ውሃ ውስጥ ነከሩት፤ ጨመቁት፤ ዘረጉት። ፊቱ አልተነካም። ልትስቅ ያለችው ልጅ እንደነበረች ናት። «ሠዓሊዋ እያለች የኔ ስም ምን ይሠራል?» አሉ። «ታምር ብላችሁ አትሙ።»

በማግስቱ፣ ተመራቂዎቹ በጊዜ የደረሰላቸውን ቲሸርት ለብሰው፣ ተሰልፈው ሜዳው መሃል ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። ካፊያ አይደለም፤ ዶፍ ነው። ሰው ወደ ድንኳኑ ሮጠ። ልጆቹ ግን ከአባትየው ጎን አልተነቃነቁም። ምንታምር አጥሩ ጋ ቆማ ዐይኗን መግለጥ ፈራች። ጋሽ ኤርጫፎ አጠገቧ ነበሩ፤ ጃንጥላ ይዘው ወደ ሜዳው አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ከሷ ይልቅ እሳቸው የፈሩ ይመስሉ ነበር።

የምሥራቅ ስም ተጠራ። አባቷ ጥቁሩን ቲሸርት ከኮታቸው በላይ ለብሰው ወጡ። ውሃው ከራሳቸው ላይ ወደ ደረታቸው ይወርዳል። ወረቀቱን በአንድ እጃቸው ተቀበሉ። ሌላው እጃቸው ደረታቸው ላይ ነበር፤ የልጃቸው ጉንጭ ላይ። እጃቸውን ሲያነሱት መዳፋቸው ንጹሕ ነው።

ምንታምር ያኔ ነው የተነፈሰችው።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ ለምን ነገርኳችሁ? የራሳችሁን እንዳትጀምሩ ነውን? አይደለም! ጀምሩ። እግዚአብሔር የሰጣችሁን እጅ በሌላ ሰው ስም ሥር ስትደብቁ አትኑሩ። ግን ልጠይቃችሁ። ራስን መቻል ማለት ሰው አለመፈለግ ነው ያላችሁ ማነው? ምንታምር ከጋሽ ኤርጫፎ ቤት መውጣቷ አልጎዳትም። ሊጎዳት የነበረው አልመለስም ማለቷ ነው። ሥራዋ የሷ የሆነው ብቻዋን ስለሠራችው አይደለም። ጥፋቱንም የኔ ነው ስላለች ነው።

እዚህ መሃል ከአባቱ ተጣልቶ የወጣ አለ። እህቷን ሰድባ ስልኳን የዘጋች አለች። ዛሬ እጃችሁ ላይ አንድ ነገር እየፈረሰ ነው፤ ትዳር ይሆናል፣ ልጅ ይሆናል፣ ሥራ ይሆናል። ማን ጋ መሄድ እንዳለባችሁም ታውቃላችሁ። ስንት ጊዜ በዚያ በር አለፋችሁ? ስንት ጊዜ «ደርሷል፣ ደህና ነኝ» አላችሁ? ሰው የሚያፍርበትን በር እግዚአብሔር የሚያልፍበት መንገድ ሊያደርገው ይችላል። ግቡ እንጂ! ስትገቡም ሰበብ ይዛችሁ አትግቡ።

እናንተ ደግሞ ከውስጥ የተቀመጣችሁ፣ የተሰደባችሁ፣ በር የተዘጋባችሁ፣ እናንተንም አልረሳኋችሁም። ያስተማራችሁት ሰው ትቷችሁ ሄዷል። እውነት ነው፣ ያማል። ግን አንድ ቀን እንደረጠበ፣ ሸክሙን እንዳቀፈ ይገባል። ያን ቀን አፋችሁ ላይ የሚመጣውን ቃል ታውቁታላችሁ። ስትጠብቁት የኖራችሁት ቃል ነው። ምላሳችሁ ላይ ይጣፍጣል።

እባካችሁ፣ ዋጡት። «አላልኩህም ነበር?» አትበሉት። «ምን ይዘህ መጣህ? እስቲ አሳየኝ» በሉት።

አሜን።