በማርትሬዛ የተነሳችው ጨረቃ

በአንድ ወቅት፣ በአንዲት ብርዳም የደጋ ከተማ፣ ሦስት በር ያለው ግቢ ነበር። በሦስቱ በሮች ሦስት ብቸኞች ይኖሩ ነበር። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» ይባባላሉ፤ ሲመሽ ሁሉም በሩን ቆልፎ ከራሱ ጋር እራት ይበላል።

በመጀመሪያው በር ጡረተኛው የፊዚክስ መምህር አጥናፉ ይኖራል። ወጣት ሳለ በዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት የለካው የከዋክብት ብርሃን በአለቃው ስም ታትሞ ወጣ። የእሱ ስም ግርጌ ካለው ምስጋና ውስጥ እንኳ አልገባም። አቤት ሲል «ማስረጃህ የታለ?» አሉት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ምንም አልለካም። ጡረታ በወጣ ማግሥት ግን ከተዘጋ መድኃኒት ቤት ሁለት ወፍራም የመደርደሪያ መስታወቶች ገዝቶ መጣ። ጋራዦች ቫልቭ የሚሞርዱበትን ሻካራ ቅባት በመሃላቸው እየቀባ አንዱን በሌላው ላይ ሁለት ዓመት ፈተገ። የላይኛው እንደ ሰሐን ጎደጎደ፤ የጎደጎደውን በፍሳሽ ቧንቧ ውስጥ ከተተና ጨረቃን የሚያቀርብ ቴሌስኮፕ ሊያደርገው አሰበ። ባዶ መስታወት ግን ብርሃን አይመልስም። ብር መልበስ አለበት፤ ብር ደግሞ አልነበረውም።

በሁለተኛው በር ወይዘሮ የሺመቤት ትኖራለች። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም። አንገቷ ላይ ባሏ በሰርጋቸው ዕለት ያሰረላት አንድ የማርትሬዛ ብር ነበር። የመምህሩን ችግር ስትሰማ ክሩን ፈታች።

«እትዬ፣ ተዪው እንጂ! የባልሽ ማስታወሻ አይደለም ወይ?» አላት መምህሩ።

«ሠላሳ ዓመት ደረቴን ሲያይ ኖረ፤ አሁን ደግሞ ሰማይ ይይ» አለችው።

የከተማው አንጥረኛ ማርትሬዛውን በአሲድ አሟሙቶ ብሩን ከመዳቡ ለየ። መምህሩም ከአንጥረኛው በተማረው ብልሃት ብሩን መስታወቱ ላይ አለበሰው። ሽፋኑ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል።

በሦስተኛው በር ፎቶ አንሺው ደግአረገ ይኖራል። ሃያ ዓመት የከተማውን ሙሽራ ሁሉ አንስቷል። ስልክ በሰው ሁሉ እጅ ሲገባ ፎቶ ቤቱን ዘጋ፤ ካሜራውን ሚስማር ላይ ሰቀለ። በሩን የሚያንኳኳ ሰው ቀረ። አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ፤ መምህሩ ነበር። ጨረቃ በዚያ ሳምንት ፀሐይ እንደጠለቀች በምድር ጥላ ተጋርዳ ትወጣለች፣ ና አንሳልኝ አለው።

«ሙሽራ ብታጣ ጨረቃን?» ብላ የሺመቤት ሳቀችበት።

«እሷ ቢያንስ ‹አወፈርከኝ› አትልም» አላት።

ያን ምሽት ሦስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ቆሙ። ከሩቅ የእግዚኦታ ድምፅ ይሰማል። ጨረቃ ግማሽ ጎኗ ጠቁሮ ከኮረብታው ወጣች። ደግአረገ ካሜራውን ቴሌስኮፑ ላይ ገጥሞ ቢያይ ጭጋግ ሆነበት።

«ጋሼ፣ አልታይ አለች።»

መምህሩ መስታወቱን በባትሪ አየ። «ጤዛ ነው። እንዳትነካው! በራሱ ይደርቃል።»

«እስኪደርቅ ጥላው ያልፋል።»

«ይለፍ! ብሩ እኮ…»

ነገሩን አልጨረሰም። ደግአረገ የቆሸሸ ካሜራ እንደሚጠርግ በጋቢው ጫፍ መስታወቱን ጠረገው። ጤዛው ለቀቀ፤ ብሩም አብሮ ለቀቀ። በተረፈችው ጥቂት ብር ሦስት ጊዜ አነሳ። ሁለቱ ተበላሹ። በአንዱ ላይ የጨረቃ ጉድጓዶች ጥርት ብለው፣ የምድር ጥላ በፊቷ ላይ እንደ ነጠላ ጥለት ተዘርግቶ ይታያል። እንዲህ ያለ ፎቶ በዚያ ከተማ ታይቶ አያውቅም። መስታወቱ ግን ታወረ። ሌላ ማርትሬዛም አልነበረም።

የሺመቤት መቀስ አምጥታ ብሩ ያጠቆረውን የጋቢ ጫፍ ቆርጣ ወሰደች።

ፎቶውን ለከተማው አዲስ አዳራሽ ላኩት። መልሱም መጣ። ፎቶው በአዳራሹ መግቢያ ለዘለቄታው ይሰቀላል፤ ከሥሩ የሚጻፈው ግን የአንድ ሰው ስም ብቻ ነው። አብሮ የመጣው ቅጽ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ካልተሞላ ፎቶው ይመለሳል።

መምህሩ እንዲህ አለ፦ «ዓይኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ስሜን ቀበሩት፤ ሁለተኛ አላስቀብርም። ይኼ ልጅ ደግሞ ሥራዬን ነው ያጠፋው።»

ደግአረገም እንዲህ አለ፦ «ባልጠርገው ኖሮ በእጃችን የሚቀረው አንድ ንጹህ መስታወት ብቻ ነበር። ያነሳኋቸው ሙሽሮች በየሰው ግድግዳ ላይ አሉ፤ በአንዱም ሥር ደግአረገ የሚል የለም። ይህች የመጨረሻዬ ናት።»

የሺመቤትም እንዲህ አለች፦ «እናንተ እኮ የሰጣችሁት ድካማችሁን ነው፤ ድካም አድሮ ይረሳል። እኔ የሰጠሁት ባሌን ነው። ስሜን የሚጠራ ልጅ የለኝ። ብሬ ጨርቅ ላይ ቀረ፤ ስሜ እንኳ ግድግዳ ላይ ይቅር።»

ከዚያ በኋላ ሦስቱ በሮች ተዘጉ። ጠዋት «እንዴት አደራችሁ» መባባሉም ቀረ። ቅጹ በግቢው መሃል፣ በታወረው ቴሌስኮፕ ላይ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ተቀመጠ። ከሦስቱ ሰርቆ የሚሞላው እንዳይኖር እያንዳንዱ በመስኮቱ ይጠብቀዋል። ከበላዩ ጨረቃ ሞልታ ትወጣለች፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

ጳጉሜን ነገ ያልቃል። እናንተ ስትሰሙ ቆይታችኋል፤ እንግዲህ ብዕሩን ያዙት። በዚያች አንዲት መስመር ላይ የማንን ስም ትጽፋላችሁ? የሌሎቹን የሁለቱንስ በር አንኳኩታችሁ ምን ትሏቸዋላችሁ?