ቤት ገብቶ የሚደገም ሶላት

ምስጋና ሁሉ ዕድሜን ሰጥቶ፣ ስለሰጠው ዕድሜ ለሚጠይቀው ጌታ ይሁን። ዛሬ የማወጋችሁ ደስ የሚያሰኝ ወሬ አይደለም። መሀል ላይ ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ብታገኙ ግን ፈገግ በሉ፤ ባለታሪኩም ሳቅ አይጠሉም ነበር።

ከቆላና ከደጋ መሀል በተቀመጠች፣ ስሟን ባልጠራው በምመርጠው አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሸህ ጡሃ የሚባሉ ኢማም ነበሩ። በአንድ መስጊድ አርባ አንድ ዓመት አሰግደዋል። ሚስታቸው ወደ አኼራ ከሄደች ቆይታለች፤ ልጆቻቸው በየአገሩ ተበትነዋል። የቀራቸው ሚህራቡ፣ ኢማም ቆሞ የሚያሰግድበት ስፍራ፣ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ከቤቱ ወደ መስጊድ ይሄዳል፤ እሳቸው ግን ከመስጊድ ተነስተው "ቤት ደርሼ ልምጣ" ነበር የሚሉት።

እርጅና ታዲያ ኢማም ናቸው ብሎ አያልፍም። ግንባራቸውን ከደፉበት ከሱጁድ ሲነሱ ጉልበታቸው ቀጭ ይላል፤ ከኋላቸው የተሰለፈው የፊተኛው ሶፍም ያንን ሰምቶ መነሳት ይጀምራል። "ጉልበቴ ከኔ ቀድሞ አላሁ አክበር ማለት ለመደ" እያሉ ራሳቸው ያስቁ ነበር። የአንዱን ጎረምሳ ስም ይረሱና በአያቱ ስም ይጠሩታል፤ ሲታረሙም "ታዲያ የሰውዬውን ፊት ለምን ይዞ ይዞራል?" ይላሉ። ባለፈው ጁሙዓ የተናገሩትን ቂሷ በሚቀጥለው ጁሙዓ ከነሳሉ ይደግሙታል። ሰዉም አዲስ ነገር እንደሰማ ራሱን ይነቀንቃል።

ከየሶላቱ በኋላ የማይተዋት አንዲት ዱዓ ነበረቻቸው። እጃቸውን አንስተው "ያ ረቢ፣ በነዚህ ሰዎች ሶላት ላይ ሸክም ሳልሆን ውሰደኝ" ይላሉ። ሰዉም "አሚን" ይላል።

በረጀብ ወር መግቢያ፣ በአንዱ ቀን፣ የቀትሩን ሶላት ዙሁርን ሲያሰግዱ ሦስተኛው ረከዓ ላይ ተቀመጡና ወደ ቀኝና ወደ ግራ አሰላምተው ሶላቱን ጨረሱ። ዙሁር አራት ረከዓ፣ አራት ዙር ስግደት፣ ነው። ኢማም ሲሳሳት ከኋላው ያለ ወንድ "ሱብሃነላህ" ብሎ፣ ሴት ደግሞ እጇን አጨብጭባ ያስታውሱት ዘንድ የታዘዘ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ መስጊድ አልነበረም። ነገር ግን አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ሰላምታው አለፈ። ሸሁ ወደ ሰዉ ዞረው ያችኑ ዱዓቸውን አደረጉ። ሰዉ "አሚን" አለ።

ውጪ፣ ጫማ ከሚወልቅበት ደጃፍ፣ የጀመዓው ትልቅ ሰው የሆኑት ሀጂ እብሬ ሰዉን ሰበሰቡ።

"አርባ ዓመት ያሰገዱንን ሰው በአንድ ረከዓ አናሳፍራቸውም" አሉ። "ሚህራቡን ከነጠቅናቸው የሚቆዩም አይመስለኝ። ሲሳሳቱ ዝም እንበል። የጎደለውን እየቤታችን ገብተን እንደግመዋለን።"

ሁሉም ተስማማ። ሀጂ እብሬ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር እናደዳለሁ፤ እዚያ ብኖር እኔም እስማማ ስለነበር ነው መሰለኝ።

ስህተቱ በሳምንት አንዴ የነበረው ሁለቴ፣ ሦስቴ ሆነ። ሰዉ ከመስጊድ ወጥቶ፣ እንደ ሌባ እየተሹለከለከ፣ ቤቱ ገብቶ ይሰግዳል። ባለሱቁ ገበያተኛውን "መጣሁ" ብሎ ይጠፋል፤ ልብስ ሰፊው ጨርቁን መኪናው ላይ ትቶ ይገባል። ሸህ ጡሃ ከመስጊዱ ደጃፍ ተቀምጠው ተስቢሃቸውን እየቆጠሩ ያዩታል። "ዘንድሮ ሰዉን ምን ያስቸኩለዋል?" ይላሉ።

ተከታዩ ወር ሸዕባን ሊያልቅ፣ ረመዷን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው፣ ከቀትር በኋላ በሚሰገደው በአስር ሶላት ላይ ሸሁ ሦስተኛው ረከዓ ላይ ተቀመጡ። ወንዶቹ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከሴቶቹ ሶፍ፣ ጭብጨባ ተሰማ። ትንሽ ቆይቶ ጠንከር ብሎ ተደገመ። ሸሁ ቀስ ብለው ተነሱ፤ አራተኛውን ሞልተው፣ የመርሳት ሱጁድ ወርደው አሰላመቱ።

ሀጂ እብሬ ወደ መጋረጃው ዞሩ። "ማን ናት ያጨበጨበችው?"

"እኔ ነኝ፣ ዘምዘም" አሉ አንዲት አሮጊት። እመት ዘምዘም በዕድሜ ከሸሁ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም።

"ምነው እመት ዘምዘም! ይህ ሁሉ ወንድ ዝም ያለው ጠፍቶት ነው?"

"እናንተማ ቤታችሁ ገብታችሁ ትደግሙታላችሁ። እኔ እዚህ ለመድረስ ሦስት ቦታ አርፌ ነው የመጣሁት። የምደግምበትን ጉልበት ከየት ላምጣ?"

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሸህ ጡሃ አልሳቁም።

"ምኑን ነው የምትደግሙት?" አሉ።

ሰዉ ወደ ሀጂ እብሬ ዞረ።

"እብሬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ። ምኑን ነው የምትደግሙት?"

ሀጂ እብሬ አንገታቸውን ደፍተው ከረጀብ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ስንት ዙሁር፣ ስንት የምሽት ዒሻ እንደጎደለ ሲጠየቁ ግን አላወቁም። ቆጥሮ የያዘው ሰው አልነበረም።

ሸሁ አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻለ ነበር።

"ሁላችሁም የየራሳችሁን ሶላት አቃንታችኋል፤ አልሐምዱሊላህ" አሉ። "የኔንስ ለማን ተዋችሁት?"

ይህን ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ሁለት ወር ያህል ስለ ሸሁ ክብር ሲጨነቁ፣ ሸሁም እንደነሱው ነገ በጌታቸው ፊት የሚቆሙ ባሪያ መሆናቸውን ዘንግተውት ነበር። ብዙዎቹ አለቀሱ። ልቅሶ ግን ረከዓ አይሞላም።

ሸሁ ለእመት ዘምዘም "አላህ ጉልበትዎን ይመልስልዎ" ብለው መረቁ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ደረሳቸው፣ ተማሪያቸው የነበረውን ሸህ አወልን እጁን ይዘው ሚህራቡ ላይ አቆሙት፤ እሳቸው ወርደው ከሰዉ ጋር ተሰለፉ። ያን ዕለት መስጊዱ ጀናዛ የወጣበት ቤት ይመስል ነበር ይባላል።

የትኛው ሶላት እንደጎደለ ስላልታወቀ፣ ሸሁ የሁለቱን ወር ዙሁር፣ አስርና ዒሻ በሙሉ ቀዷ ማውጣት፣ እንደ ዕዳ መልሰው መስገድ፣ ጀመሩ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ሰውነት፣ በየቀኑ ከዙሁር በኋላ አቅማቸው እስኪያልቅ ይሰግዳሉ። ሀጂ እብሬ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ለራሳቸው ትርፍ ሶላት፣ ሱና፣ ነይተው ከኋላቸው ይቆማሉ። በአራተኛው ቀን ሸሁ ሦስተኛው ረከዓ ላይ ተቀመጡ። ሀጂ እብሬ "ሱብሃነላህ" አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን አሉት። ሸሁም ተነስተው ሞሉ።

ካሰላመቱ በኋላ ሀጂ እብሬ እግራቸው ላይ ወደቁ። "ሸህዬ፣ አፉ ይበሉኝ።"

ሸህ ጡሃ ትከሻቸውን ይዘው አነሷቸው። "አፉ ብያለሁ" አሉ። "መርሳቴን አላህ ይምረዋል። የከበደኝ ብቻዬን መርሳቴ ነው።"

ቀዷውን አልጨረሱም። በረመዷን አጋማሽ ትኩሳት ያዛቸውና በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ሀጂ እብሬ የቀረውን እኔ ልስገድላቸው ብለው ዑለማዎቹን ጠየቁ፤ የሞተን ሰው ሶላት ሌላ ሰው አይሰግድለትም ተባሉ። አላህ አዛኝ ነው፤ ባሪያው ያላወቀውን አይዝበትም ብለን እናምናለን። ሀጂ እብሬ ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚህ ነገር እንቅልፍ አልነበራቸውም።

ወንድም እህቶቼ፣ ትልቅ ሰው ማክበር ከዲናችን ነው። ይሁን እንጂ አክባሪ መስለን የምንሸሽበት መንገድ አለ። ሽማግሌ ሲሳሳት ፊቱ ላይ "አሚን" እንላለን፣ ከዚያ የራሳችንን ለማስተካከል እንሄዳለን። ጥፋቱን ለእሱ እንተውለታለን። እውነቱን መንገር አብሮ መቀመጥን ይጠይቃል፤ ዝምታ ግን ምንም አያስከፍልም፣ ለዚያ ነው የምንወደው።

ይህን የምለው ከናንተ ተሽዬ አይደለም። እናቴ አርጅታለች፤ ወጥ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨው ትጨምራለች። እኛ ልጆቿ "ይጣፍጣል" ብለን ሁለት ጉርሻ እንጎርስና፣ ሥራ አለን ብለን ወጥተን ሌላ ቦታ እንበላለን። እሷ ለብቻዋ ትጨርሰዋለች። ባለፈው ሳምንት የሸህ ጡሃ ነገር ትዝ አለኝና፣ እንደምንም ብዬ "እማ፣ ጨው በዝቶበታል" አልኳት።

ጉርሻዋን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

"እስካሁን የት ነበርክ?" አለችኝ።