የአያ ጅቦ የፍሬን ሸራ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦና እመት አህዪት አንድ ዓይነት ትንንሽ መኪኖች ነበሯቸው። ሁለቱም ከደጋው ገበያ ወደ ቆላው ዕቃ ያወርዳሉ፤ መንገዱ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። የአህዪት የፍሬን ሸራ ክረምትና በጋ አልፎበት እንኳ ደህና ነው፤ የአያ ጅቦ ግን በተቀየረ ማግስት ያልቃል። ዳኛው አንበሳም ፍሬኑ ዳግመኛ እምቢ ካለ መንጃ ፈቃዱን እንደሚነጥቀው አስጠነቀቀው።

ጅቦ ተናዶ መካኒኩ ቀበሮ ዘንድ ሄደ። ጥሩ ጥሩውን ሸራ ለአህያ ትገጥማለህ ብሎ ወቀሰው። ቀበሮ ጅቦ ቁልቁለቱን እንዴት እንደሚወርድ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ግን እንዲህ ያለ ደንበኛ ማጣት አልፈለገም።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አያ ጅቦ? የእሷ መኪና ሳትሻል አትቀርም» አለው ጢሙን እየዳበሰ።

ጅቦ መኪና እንለዋወጥ ብሎ አህዪትን ለመናት። ፈቃዱ ከተነጠቀ ልጆቹ ጦማቸውን እንደሚያድሩ ሲነግራት አዘነችና ቁልፏን ሰጠችው።

በማግስቱ ጅቦ የአህዪትን መኪና እስከ ጣሪያዋ አጥንት ጫነባት። ከቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቤንዚን ልቆጥብ ብሎ ማርሹን አወጣና ፍሬን እየረገጠ ተንደረደረ። መንገዱን ሲያጋምስ የሚቃጠል ነገር ሸተተው። ከታች ሥጋ የሚጠብስ ያለ መስሎት ምራቁን ዋጠ። ወዲያው ፍሬኑን ቢረግጥ ቢረግጥ እምቢ አለው፤ መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ የጭድ ክምር ውስጥ ተቀበረች።

አህዪት በጅቦ መኪና፣ በከባድ ማርሽ፣ ቀስ እያለች ደረሰችና ጎትታ አወጣችው።

«ያንቺም መኪና ፍሬን የላትም» አላት ጭዱን እያራገፈ።

«ትናንት ነበራት። ማርሽ ይዘህ አልወረድክም?»

«ማርሽ ቤንዚን ይበላል።»

«ማርሽ ካልያዛት የሚይዛት ሸራው ብቻ ነው፤ እሱም ተቃጥሎ ያልቃል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አፋፉ ላይ በደረስን ቁጥር እጄን ይዞ ማርሹ ላይ ያደርግልኝ ነበር። ና ግባ፣ አንተም እጅህን እዚህ አድርግ።»

አንበሳ ይህን ሲሰማ ፈቃዱን ሊነጥቅ ተነሣ። አህዪት ግን አንድ ክረምት ላስተምረው ብላ ለመነችው፤ እሱም እሺ አላት።

ክረምቱ አልፎ ጅቦ የራሱን መኪና ለምርመራ ሲያመጣለት ቀበሮ ጎማውን ፈቶ ቢያይ ሸራው ገና ወፍራም ነው። ፊቱ ጠቆረ።

«ሂድ፣ አያ ጅቦ» አለው ጎማውን መልሶ እያሰረ፣ «እኔ ዘንድ ምንም ሥራ የለህም።»

ከዚህ የምንማረው የዕቃ ዕድሜ በባለቤቱ አያያዝ እንደሚወሰን፣ ጥሩ አያያዝ ያስተማረን ሰው ደግሞ ካለፈ በኋላም በእጃችን ሥራ ውስጥ አብሮን እንደሚኖር ነው።