ማኅተም ያረፈበት ምርቃት

ቡሬ ውስጥ፣ ሰው ራሱ መቆም በሚገባው ቦታ ሌላ አቁሞ ሲቀር ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አባባል አለች። የሰማት ሁሉ ይስቃል። መነሻዋን የሚያውቅ ግን ስቆ አይጨርስም፤ የተወለደችው ሰርግ ቤት ነውና።

ነገሩ የአዝመራ ነው። እናቷ አራስ ቤት ሳለች ስለ ሞተች ያሳደጓት አባቷ፣ ማር ነጋዴው አቶ ስንሻው ናቸው። በየእንቁጣጣሹ ጉልበታቸውን ስትስም፣ መርቀው ሳይጨርሱ ድምፃቸው ይሰበርና ሰፈፍ ሰፈፍ በሚሸቱ እጆቻቸው ከመሬት አንስተው ያቅፏት ነበር።

ታዲያ ማሩን የሚገዛቸው ላኪ ድርጅት ባሕር ማዶ ተወካይ ቢሮ ሊከፍት ሰው ፈለገ። በዚያ አገር ሕግ የውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ ቢሮ የከፈተ የመኖሪያ ፈቃድ ያገኛል፤ ውሎ አድሮም ቤተሰቡን ይወስዳል። አቶ ስንሻው ይህን ሲሰሙ ልባቸው ሸፈተ። "አንድ ዓመት ብቻ ልጄ፤ ፈቃዱ ሲጸና እወስድሻለሁ" ብለው ሄዱ። የቤታቸውን ጉዳይ ሁሉ ለወዳጃቸው ለአቶ ምናሉ በውክልና ሰጡ። አቶ ምናሉ መቼም ለወረቀት የተፈጠሩ ሰው ናቸው፤ ግብሩን ከፈሉ፣ አጥሩን አሳደሱ፣ በየደረሰኙ ላይ ስማቸውን እያሳመሩ ፈረሙ።

አንዱ ዓመት አራት ሆነ። ቢሮው ናሙና ከማሳየት በቀር አንዲት ማንኪያ ማር መሸጥ አይፈቀድለትም፤ አቶ ስንሻው ጠርሙሶቹን እየወለወሉ ፈቃዱ እስኪጸና ይጠብቃሉ። አዝመራ ደግሞ እሳቸውን ትጠብቃለች። በዚህ መሃል ሽማግሌ ተላከ፤ ታጨች። አባቷን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉልበታቸውን ስማ ከቤት እንድትወጣ።

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ደወሉ።

"ልጄ፣ ፈቃዱ የሚታደሰው በሰርግሽ ሰሞን ነው። የመንግሥት ሰዎች መጥተው ቢሮው ተዘግቶ ካገኙት የአራት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።"

"አባዬ፣ ፈቃዱ ለማን ነበር?"

"ላንቺ ነዋ!"

"እኔ'ኮ እዚህ ነኝ።"

አቶ ስንሻው ስለ ፈቃዱ ደግመው አስረዷትና ስልኩን ዘጉ። አዝመራ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ መኪና በቆመ ቁጥር በር በሩን ታይ ነበር።

በሰርጉ ዕለት በአባት ወንበር የተቀመጡት አቶ ምናሉ ሆኑ። ሙሽራዋ ተንበርክካ ጉልበታቸውን ስትስም፣ ከባሕር ማዶ የተላከ፣ የቢሮው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ከኪሳቸው አወጡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እኔ አባትሽ ስንሻው፣ ውለጂ ክበጂ ብያለሁ፤ አንደበትሽ ማር ይሁን…" አንድ ቃል ሳይዘሉ አነበቡት። ዳሱን የሞላው ሰው "አሜን!" አለ።

ወረቀቱ አለቀ። አዝመራ ግን አልተነሣችም። ያንን የሚሰበር ድምፅ፣ እነዚያን የሚያነሷት እጆች እየጠበቀች ነበር።

"ተነሺ እንጂ ልጄ፣ አልቋል'ኮ" አሉ አቶ ምናሉ ግራ ገብቷቸው። ቀጥለው እስክሪብቶ አወጡና ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። "እኔ ፈርሜያለሁ። ምርቃቱ እንደ ደረሰሽ አንቺም እዚህ ጋ ፈርሚልኝ፤ ለአባትሽ እልከዋለሁ።"

አዝመራ ያን ጊዜ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የአባቷ አክስት እማሆይ ጠጂቱ በምርኩዛቸው ቀስ ብለው መጡ፤ ልጅቱን በሁለት እጃቸው ደግፈው አነሡና እስክሪብቶ እንደያዙ የቀሩትን ሰው ዞር ብለው አዩ፦ "አይ ምናሉ፣ አንተ ምን አጠፋህ፤ ወኪል ይፈርማል እንጂ አይናፍቅም።"