ሰኞና ሐሙስ የተገለበጡት መዝገቦች

አንድ ኃላፊ ነበረ፤ የመሬት መዝገብ ቤት ኃላፊ። ለትልቁ ዳታቤዛችን የትኛው የባካፕ፣ የመጠባበቂያ ግልባጭ ዘዴ ይሻላል ብለህ ስለጠየቅከኝ ነው የሱን ነገር የማወራልህ። ሰውዬው ኮምፒውተር የሚባል ነገር አልነበረውም። ጥፋቱ ግን ያው ነው።

ሁለት ትልልቅ መዝገቦች ነበሩት። በአንዱ መሬቱ በቁጥር ተጽፏል፣ በሌላው የባለመሬቱ ስም ከነቁጥሩ። አንዱ ያለ ሌላው ምንም አይደለም። ግልባጭ ይዘጋጅ ተብሎ ከበላይ ሲታዘዝ፣ ገልባጩ ሠራተኛ ሁለት ቀን ዘግተን ሁለቱንም አንድ ላይ እንጨርስ አለው። ኃላፊው ሳቀበት። ባለጉዳይ ይንጫጫብኛል፣ ሥራው ሳይቆም በየተራ ገልብጥ አለው። ሰኞ የስሙ ተገለበጠ፣ ሐሙስ የመሬቱ። ኃላፊው ማኅተም መታበት፣ ሳጥን ውስጥ ቆለፈው፣ ሪፖርት ላከ፣ ተመሰገነ። ከፍቶ ያየው ሰው የለም።

በመሃል፣ ማክሰኞ ዕለት፣ አንጓች የምትባል ገበሬ መጥታ ነበር። አባቷ ሞተው መሬቱን ከወንድሟ ጋር ተካፍላለች። አዋሳኞቿ መሰከሩላት፣ ለድርሻዋ አዲስ ቁጥር ወጣ፣ ስሟ ሰፈረ። የይዞታ ደብተርሽ ሲደርስ ትጠሪያለሽ አሏት። ሄዳ ማሳዋን አረሰች፣ ዘራች።

ክረምቱ ሲበረታ የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ዋናዎቹ መዝገቦች ሊጥ ሆኑ። አንጓች ወሬውን ሰምታ በጭቃ እግሯ እየሮጠች መጣች። ኃላፊው ግልባጭ አለን፣ ምን ያስሮጥሻል ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሳጥኑን ከፈተው። በመሬቱ መዝገብ አዲሱ ቁጥር አለ። በስሙ መዝገብ ግን ከነአሮጌው ቁጥር የተጻፉት የሞቱት አባቷ ናቸው።

«መሬቱ አለ፣» አላት፣ «ባለቤት የለውም እንጂ።»

«እኔስ ምንድን ነኝ ጌታዬ?»

«እዚህ ላይ የለሽማ።»

«በሬዎቼን ይጠይቋቸው እንግዲህ። እነሱ እንኳ ያውቁኛል።»

አዋሳኞቿ ዳግም መጥተው ቢመሰክሩም፣ ማኅተም ያለው ግልባጩ ነው ተባሉ። ባለቤት የለውም የተባለው ማሳ ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንጓች ጎንበስ ብላ ያረመችውን ጤፍ፣ ዳር ቆማ ሌላ ሰው ሲያጭደው አየች። ኃላፊው ግን ዛሬም ኃላፊ ነው።

ስማኝ ወንድሜ። ያንተም ዳታቤዝ እንደዚያው ነው፤ ሰንጠረዦቹ የቆሙት በቁጥር ተያይዘው ነው። ሰው እየጻፈባቸው በየተራ ከገለበጥካቸው ያ ኃላፊ አንተ ነህ። ሰርቨሩ ይከብደዋል፣ አለቃ ይቆጣል ትለኛለህ። ይቆጣ! ሁሉንም በአንድ ቅጽበት እንዳሉ የሚያነሳልህን ዘዴ ያዝ፣ ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ደግሞ እየተከተልክ ሰብስብ። ቆልፈህም አትመካ። ሌላ ማሽን ላይ መልሰህ ክፈተው፣ አንድ ሰው ከነንብረቱ ፈልግበት። ካጣኸው አሁኑኑ ብቻህን እፈር፤ የራሱን ተነጥቆ ፊትህ ከቆመ በኋላ ማፈርህ ለማንም አይጠቅምም።