አንገቱ የተቆረጠ ቀጭኔ

አንዲት እናት ነበረች።

ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ ጋሼ ደምመላሽ። «ልጄን ምን አቅምሰኸው ነው ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እኔን ጥሎ ወደ አንተ የሚሮጠው?» ብለው ጠይቀውኝ የለ? መልሱ እሷ ጋ ነው ያለው። ልጆቹም ካርቶናቸውን እየቆረጡ ነው፤ እስኪጨርሱ ልንገርዎት።

ይህች እናት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት። ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንዲት ጎረቤት አለች። ጎረቤቲቱ በረንዳዋ ላይ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተቀምጣ ከባዶ ዕቃ እንስሳ ትሠራለች። የወተት ካርቶን ላም ይሆናል፤ የእንቁላል ማስቀመጫው ተቆርጦ ኤሊ ይሆናል፤ ሶፍቱ ሲያልቅ መሐሉ የሚቀረው ቱቦ የዝሆን ኩምቢ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር እንስሶቹ አያምሩም። የልጅቱ ላም አንድ እግሯ መሬት አይደርስም። ልጅቱ ግን እሷን ካላቀፈች እንቅልፍ አይወስዳትም።

እናትየዋ ቀናች። እንዲሁ አይደለም፤ አንጀቷ እስኪያር ነው የቀናችው። የልጇ ሳቅ በአጥሩ በኩል ሲመጣ ሬዲዮኑን ከፍ ታደርጋለች። «ዛሬ ምን ሠራችሁ?» ብላ ራሷ ትጠይቅና፣ ልጅቱ ማውራት ስትጀምር «በይ፣ እጅሽን ታጠቢ» ትላታለች። ይባስ ብላ ባዶ ካርቶን ወደ ማዶ እንዳይሻገር አልጋ ሥር መደበቅ ጀመረች። ጎረቤቲቱ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «እትዬ፣ የወተት ካርቶን ይኖርዎታል?» ስትላት «እኛ ቤት ወተት አይጠጣም» አለቻት። ልጅቱ አጠገቧ ቆማለች፤ ከንፈሯ ላይ ወተት አለ።

አንድ ቀን ልጅቱ ትምህርት ቤት ሳለች እናትየዋ የደበቀችውን ሁሉ አወጣች። በሯን ዘጋችና ቀጭኔ ሠራች። ግን እንዴት ያለ ቀጭኔ! አንገቱ በማስመሪያ ተለክቶ የተቆረጠ የፓስታ ካርቶን ነው፤ ዓይኑ ጥቁር ቁልፍ ነው፤ ኮላው የት እንደተቀባ እንኳ አይታወቅም። ጠረጴዛው ላይ አቁማ ልጇን ጠበቀቻት።

ልጅቱ ገባች፤ ዞር ዞር ብላ አየችው። «ያምራል» አለች። «እማዬ፣ እኔ ምኑን ልሥራ?»

«ምንም! ሁሉም አልቋል። አንቺ መጫወት ብቻ።»

ልጅቱ ቀጭኔውን ቀስ ብላ አነሣችና ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ብርጭቆዎች ያሉበት ብፌ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ላሟን ብብቷ ሥር አድርጋ ወደ በሩ ሄደች።

እናትየዋ ብው አለች። «ነይ ወዲህ! ከእኔ ቀጭኔ ይህች አንካሳ ላም ትበልጣለች? ምን አላት? ንገሪኝ!»

ልጅቱ ደነገጠች፤ ላሟንም ከኋላዋ ደበቀች። «ጭራዋን እኔ ነኝ የለጠፍኩት» አለች። «እየወደቀ እምቢ ሲል ኮላው እስኪደርቅ ይዤው ቆየሁ። እጄ ደነዘዘ እኮ።»

እናትየዋ ወደ ብፌው ሄደች። ቀጭኔውን አየችው፤ ከቀንዱ እስከ ኮቴው የልጇ ጣት ያረፈበት ቦታ የለም። መቀሷን አነሣችና ያን ሁሉ የለፋችበትን አንገት ከትከሻው ላይ ቆረጠችው። ልጅቱ ጮኸች።

«ብቻዬን የምመልሰው አይደለም» አለች እናትየዋ። «ነይ ያዢልኝ።»

ልጅቱ ላሟን ወንበር ላይ አስቀምጣ መጣች። ኮላውን ያለ ስስት ደፋችው። አንገቱንም ፊቱን ወደ ኋላ አዙራ ገጠመችው፤ ቀጭኔው የገዛ ጭራውን የሚያይ ሆነ። የእናትየዋ እጅ ሊያስተካክለው ተነሣ፤ መልሳ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ኮላው እስኪደርቅ ያንን የዞረ አንገት አብረው ይዘው ቆዩ። በአጥሩ በኩል የልጆች ሳቅ መጣ። እናትየዋ አሁንም ቀናች፤ ቅናት በአንድ ቀን አይለቅማ፣ ጋሼ! ልጅቱ ግን ከጎኗ አልተነሣችም።

እንግዲህ ላስረዳዎት። እናትየዋ እርስዎ ነዎት፤ ጎረቤቲቱ እኔ ነኝ። ልጅዎን ኪሩቤልን ምንም አላቀመስኩትም፤ ኮላው እስኪደርቅ የሚይዘው ጭራ ሰጠሁት እንጂ። ዛሬ በጋዜጣ ጠቅልለው ያመጡለት አንበሳ እዚህ ከተሠራው ሁሉ ይበልጣል። ጎፈሩን ከማዳበሪያ ከረጢት ክር እየመዘዙ እንደሠሩት አይቼ፣ እውነቴን ነው፣ እኔም ቀንቻለሁ። ልጅዎ «ያምራል» ብሎዎት ወደ ልጆቹ ጠረጴዛ የሮጠው ስለማይወድዎት አይደለም፤ አንበሳው ላይ ለእሱ የቀረ ሥራ ስላልነበረ ነው።

ያውልዎት፣ ከልጅዎ ጎን ቦታ አለ። መቀሱን እንኩ፣ ጋሼ። ከጎፈሩ ይጀምሩ።